የደበቅሁት ልጓም

ልጅ ሳለሁ የአክስቴ የጥሩወርቅ ተረት የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ላሊበላ እኛ ቤት ገብታ ትኖር ነበርና፣ ማታ ከእራት በኋላ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ እሷ ታወራለች፣ እኔም የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ እሰማለሁ።

ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏት ነበር። ቱሪስት በብዛት መምጣት ሲጀምር ግን ባሏ የተወላትን በቅሎ ለጉማ «ፈረንጆቹን አሸተን ማርያም ላወጣ ነው» ብላ ተነሣች። በቅሎ እየሳቡ ገዳሙ ያለበትን ያን ተራራ መውጣት የወንድ ሥራ ነበርና አባቴ «በዚህ ዕድሜሽ ገደል ልትገቢ ነው?» ብሎ ተቆጣ፤ ባለበቅሎዎቹም ተራ ከለከሏት። እሷ በየቀኑ እየሄደች ከሁሉም ኋላ ስትቆም ሰንብታ፣ በመጨረሻ ሰለቻቸውና ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ማታ ደክሟት ትመጣለች፤ ተረቱን ገና ከመጀመሯ እንቅልፍ ይወስዳታል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን አስጎብኚው «የአክስትሽ የጦጣ ተረት ትናንት ፈረንጆቹን በሳቅ ገደላቸው» አለኝ። እኔ ዘንድ ያቺ ጦጣ ገና ወንዙን አልተሻገረችም። ቅናት ሆድን እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን አወቅሁ። በማግስቱ ሳይነጋ ተነሥቼ ልጓሙን ከጎታው ኋላ ደበቅሁት።

ጠዋቱን ሙሉ ፈልጋ አጣችው፤ ተራዋም አለፈ። ማታ እንደተመኘሁት ተረቱን እስከ መጨረሻው ነገረችኝ፤ ድምፅዋ ግን የእሷ አይመስልም ነበር፣ ጦጣዋ ስትሻገርም ሁለታችንም አልሳቅንም። አላስችል ሲለኝ ልጓሙን አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥሁት።

ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ልጓሙን በእጇ እያሻሸች «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው በመረጠልኝ መንገድ ስሄድ ኖርሁ። ባሌንም አባቴ ነው የመረጠልኝ። ይችን ሥራ ግን ራሴ መረጥሁ። ምናለ ባትቀሚኝ?» አለችኝ።

በማግስቱ በቅሎዋን ይዛ ስትወጣ ከደጃፍ ቆሜ አየኋት።

ዛሬ አርባን አልፌ ወደዚያ ዕድሜዋ ተጠግቻለሁ። ባልንጀራዬ ከመዝገብ ቤት ሥራዬ ወጥቼ ሙጃ ከተማ አብረን ዳቦ ቤት እንድንከፍት ሁለት ጊዜ ለምናኝ፣ ሁለቴም «አሁንማ አረጀሁ» አልኋት። ፈረንጆቹን ከረሳኋቸው ቆየሁ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። አሁን የምቀናው በአክስቴ ነው።