አባቴ የመረጡት የጭቃ ፈረስ

ልጅ ሆነን በቆላዋ ከተማ ሸሕዲ ስናድግ ፈረስ የሚባል ነገር በዓይናችን አይተን አናውቅም ነበር። ቆላው ለፈረስ አይሆንም፤ ዝንቡ ይነድፈዋል፣ የገንዲ በሽታ ይይዘዋል፣ ይሞታል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን ክረምት ሲገባ ከዋልካ ጭቃ ፈረሰኛ እየሠራን ጦር እናዋጋ ነበር። የምናውቀው አህያ ብቻ ነውና ፈረሶቻችን ሁሉ ጆሯቸው ረጅም፣ ጀርባቸው ላይ በከሰል መስቀል የተሳለባቸው ነበሩ። ፈረስ እንዲያ መስሎን!

አባቴ ከደጋ ሲወርዱ ፈረስ ይዘው እንደመጡ፣ እሱም በመጀመሪያው ክረምት እንደሞተባቸው እናቴ ነግራኝ ነበር። የዚያን ፈረስ መልክ አውቄ ለጦራችን አለቃ ልሠራው ጓጓሁ። አባቴ ግን በጠየቅኳቸው ቁጥር "ተይኝ እስቲ ልጄ" ብለው ወደ ማሳቸው ይሄዱብኛል። ቁጡ ሰው ስላልነበሩ ዝምታቸው ይከብደኝ ነበር።

ሰሊጥ ሲደርስ ከተማችን ከደጋ ለአጨዳ በሚወርዱ ሠራተኞች ይሞላል። አንድ የጎጃም ሰው ደጃችን ጥላ ሥር ሲያርፉ ጦራችንን አዩና ሳቃቸውን ለቀቁት።

"በአህያ ነው እንዴ የምትዘምቱት? ይኼ ፈረስ አይደለም እኮ!"

አፈርኩ። ግን ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። "እንግዲያስ ፈረስ ምን ይመስላል ጋሼ?" አልኳቸው። ጆሮውን አሳጠሩልኝ፣ ጋማ አበጁለት፤ መልኩንም ይዘረዝሩልኝ ጀመር፦ ዳማ፣ ቡላ፣ ግራጫ፣ ጉራች።

ሁሉንም ሠራኋቸው። ዳማውን በቀይ አፈርና በጥላሸት፣ ግራጫውን በአመድ ቀባሁና አባቴ ከማሳ ሲመለሱ በሚያልፉበት ደጃፍ ደረደርኳቸው። ምንም አልጠየቅኩም። አባቴ ቆሙ። ማጭዳቸውን አስቀምጠው ቁጢጥ አሉ። ቆይተው ዳማውን አነሡና አውራ ጣታቸውን አመድ አስነክተው ግንባሩን ቀቡት።

"ግንባሩ እንዲህ ነጭ ነበር" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ድምፃቸውን ሲሰማ እንዴት እንደሚያሽካካ፣ ቁልቁለቱን እንዴት ተሸክሟቸው እንደወረደ አጫወቱኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ልጄ ጎንደር ቤታችን ውስጥ ትንንሽ የፕላስቲክ ፈረሰኞችን ቀለም ይቀባል። የጥንት ፈረሰኞቻችን ፈረስ መልኩ ምን ነበር እያለ ስልኩን ሲያገላብጥ ይውላል፤ የሚያገኘው ፎቶ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው። እኛ ስልክ አልነበረንም፤ በፈረስ የሄደ ሰው ግን ቤታችን ነበረ። በቀደም "እማ፣ አንቺ የምታውቂው ፈረስ የለም?" ቢለኝ የአያቱን ፈረስ አስቀባሁት፤ ዳማ፣ ግንባሩ ነጭ። አምሮ ወጣ።

"ስሙስ ማን ነበር?" አለኝ።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። መልኩን እንጂ ስሙን ጠይቄያቸው አላውቅም።