በስመ አብ ሲሉት የሚቀመጥ ውሻ

ልጄ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጀምር አፓርትመንት ቀየረች። በነሐሴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላጥፍ፣ ቴክሳስ ሳክሲ ከተማ ያለው ቤቴ በር ላይ ቡናማ ውሻ ይዛ ቆማ አገኘኋት።

«ማሚ፣ አዲሱ አፓርትመንት ውሻ አላው አያደርግም» አለችኝ። «እስከ ክሪስማስ ብቻ። ሌላ ቤት እስካገኝ። ፕሊስ።»

እኔ ውሻ የማውቀው ከአጥር ወዲያ ነው። ባደግሁበት ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ደጃፍ አያልፍም፤ ውሻ የነካው ልብስ ተለብሶም ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ውሻውን ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከሚሰጡበት ቦታ ያመጣችው አባቷ ባረፈ በአራተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ እኔ የማጽናናት አቅም አልነበረኝም፤ ያጽናናት እሱ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት ፈራሁት። ትልቅ አይደለም፣ ከጉልበቴ አያልፍም፤ አንድ እግሩ ካልሲ ያጠለቀ ይመስል ነጭ ነው። ግን ሲሄድ ኮቴው አይሰማም። ዳቦ እየቆረጥኩ ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል። «በስመ አብ» እላለሁ፤ በድንጋጤ የያዝኩት ይወድቃል። እሱም የወደቀውን አንስቶ ሌላ ይወድቅ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጄ «ሲት በዪው፣ ያውቃል» ብላኝ ነበር። ሲት ብለው ቁጭ ሳይል ቆሞ ያየኛል። በስልክ አሰማኋት።

«ማሚ፣ እየለመንሽው ነው እኮ» ብላ ሳቀች። «ኮማንድ አድርጊው።»

«እኔ ማንን አዝዤ አውቃለሁ?»

«እኔን» አለች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ለጸሎት ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ስል ከመኝታ ቤቴ ደፍ ላይ የሆነ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ውሻው ተቀምጧል። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ደፉ ላይ ነው፤ ጆሮውን አቁሞ እጄን እጄን ያያል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ለእሱ በስመ አብ ማለት «ተቀመጥ፣ የሚወድቅ ነገር አለ» ማለት ሆኗል። ሳላውቅ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ሳቄም መጣ፣ ፍርሃቴም መጣ። ጸሎቴን እስክጨርስ አልተነሣም።

ሥራ ስሄድ ችግር የለም። የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የምሠራው፤ ዩኒፎርሜን ለብሼ መዝሙር ከፍቼለት ስወጣ ይተኛል። ዕረፍቴ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ግን ዩኒፎርም እንዳልለበስኩ ያያል፤ ሥራ እንደማልሄድ ያውቃል፤ ጥላኝ ልትወጣ ነው ብሎ በሩ ሥር እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ይዤው ወጥቼ መኪና ውስጥ እንዳልተወው የቴክሳስ ነሐሴ ነው። ልጄን ጠየቅኳት። ምግብ የሚሸጥበት ቤት አይገባም፣ ጣውላና ብሎን የሚሸጥበት ትልቁ መደብር ግን ይገባል አለችኝ።

ሶ፣ የምፈልገው ነገር ባይኖርም እዚያ መሄድ ጀመርኩ። የበር ማጠፊያ ሳይጎድለኝ ማጠፊያ ገዛሁ። የቧንቧ ማሰሪያ፣ የበር መዝጊያ ላስቲክ፣ አንድ ከረጢት አፈር። ውሻው ጨዋ ነው። በግራዬ በኩል ጋሪውን ተጠግቶ ይሄዳል፤ አይስብም፣ ዕቃ አያሸትም። በሩ በራሱ ሲከፈት እኔ እስክገባ ይጠብቃል። ሰልፍ ስንደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «በስመ አብ» እላለሁ፣ ቁጭ ይላል። ባለ ተራው ሁሉ ይደነቃል። «በምን ቋንቋ ነው?» ብላ የጠየቀችኝ ሴት ነበረች። በአማርኛ ነው አልኳት፤ ትርጉሙን አልነገርኳትም።

በዚህ አገር ብዙ ዓመት ስኖር መደብር ውስጥ እንደዚያ ሰው አነጋግሮኝ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ጋሪውን አቁሞ ስለሞተችው ውሻው ያጫውተኛል፤ እናት ልጇን ይዛ መጥታ «ብንዳስሰው ይፈቀዳል?» ትላለች። ስሙን ይጠይቁኛል። የኔን የጠየቀኝ የለም፣ ግን አልከፋኝም። ከሰው ጋር እየተነጋገርኩ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ገንዘብ ተቀባዩ ከመደርደሪያው ሥር የውሻ ብስኩት ያስቀምጣል። መጀመሪያ የሰጠው ዕለት እጄን ዘርግቼ ከለከልኩት።

«ቅቤ አለው?» አልኩት።

ሰውዬው ሳይስቅ መነጽሩን አድርጎ ከካርቶኑ ላይ አነበበልኝ። የዶሮ ስብ አለው አለ። ብስኩቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ውሻ እንደማይጾም አላጣሁትም። ግን ረቡዕ ነው፤ በጾም ቀን በገዛ እጄ የዶሮ ስብ ማጉረሱ አልሆነልኝም። ሐሙስ ጠዋት ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ የኮቴን ኪስ ያሸታል።

እንዲህ ሆኖ ጥቅምት አለፈ። የኔ ጭንቀት ግን ኅዳር ነበር። የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ በየወሩ በሃያ አንድ በተራ ቤታችን እንሰበሰባለን። የኅዳር ጽዮን የኔ ተራ ናት። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ተራዬ ሲደርስ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጽዋው ቤቴ እንዲገባ ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ። ውሻ እንዳለኝ ደግሞ ለአንዳቸውም አልተነፈስኩም። አንዷ እኅታችን ድመት አላት፤ አንድ ጊዜ የሻይ ስኒ ላይ ፀጉር ታየ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ እሷ ቤት ስንሄድ የሚበላው ለምልክት ያህል ነው። እሷ ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን፣ ማንም አያነሣውም። እኔም በራሴ ቤት ያንን ፈራሁ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ማኪኒ ከተማ ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት አለው። ለሁልጊዜው ልውሰደው አለኝ። በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ተስማማን። ለልጄ አልነገርኳትም፤ ካለፈ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ረቡዕ ለማኅበሩ የሚታጠፍ ወንበር ልገዛ ወደዚያው መደብር ሄድኩ። ይህ የመጨረሻችን ነው ብዬ ውሻውን ይዤው ገባሁ። አምፑል የተደረደረበት መተላለፊያ ጋ ስንደርስ ከፊት ለፊቴ ነጠላ የደረቡ እናት አንድ አምፑል ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ። እማማ ናቸው። የማኅበራችን ሙሴ እሳቸው ናቸው፤ ተራ የሚጠብቁት፣ የቀረችውን የሚጠይቁት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት። ልመለስ ስል አዩኝ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ እማማ። እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ ውጭ ፓርክ እያደረገ ነው፣ አምፑል ፈልጌ...» ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። «ይኼ የማነው?»

«የሰው ነው» አልኩ። ቃሉ እንዴት ቶሎ እንደወጣ አሁንም ይገርመኛል። «ለዛሬ ይዤለት ነው።»

«የፈረንጅ?»

«አዎ፣ የፈረንጅ።»

ውሻው የነጠላቸው ጥለት መሬት ሊነካ ሲል አይቶ አንድ እርምጃ ቀረበ። እማማ ጫፉን ሰብሰብ አድርገው ወደ ኋላ አሉና «በስመ አብ ወወልድ» አሉ።

ውሻው ቁጭ አለ።

እማማ እሱን አዩት። እኔን አዩኝ። ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ እሱም ሊከተላቸው ተነሣ። አሁን ቀስ ብለው፣ እንደ ፈተና፣ «በስመ አብ» አሉ። ዱብ። ካልሲ የሚመስለውን እግሩን አስተካክሎ የሚወድቀውን ይጠብቃል።

«የፈረንጅ ውሻ ነው አላልሽም?» አሉኝ።

«ብያለሁ።»

«ፈረንጁ ዲያቆን ነው?»

እዚያው አምፑሉ መሃል ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የልጄን ነገር፣ የዳቦውን፣ የደፉን፣ ማኅበሩ ቤቴን እንዳይጸየፍ መፍራቴን፣ የቅዳሜውን የማኪኒ ሰው። አምፑሉን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙኝ።

«ልጅሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ለእኔ ዋሽተሽ፣ ለእሷ ዋሽተሽ፣ ጽዮንን ልትቀበዪ።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ዕቃ የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። «የውሻውን ነገር አባን ጠይቂ። እኔ ካህን አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በሥላሴ ስም ውሻ አይቀመጥም። ሌላ ቃል ፈልጊለት።»

«ማኅበሩስ እማማ? ትመጣላችሁ?»

«ሲደርስ ይታያል» ብለው አምፑላቸውን ይዘው ሄዱ።

ማታውኑ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ወደ ጸሎት ቦታሽ ይገባል?»

«አይገባም አባቴ። ደፉ ላይ ነው የሚቆየው። ማለቴ፣ የሚቀመጠው።»

«አንቺስ ቤተ ክርስቲያን ስትመጪ ልብስሽን ትለውጫለሽ?»

«እለውጣለሁ።»

«ውሻ ማኖር ኃጢአት አይደለም ልጄ፤ ንጽሕናሽን ጠብቂ። ኃጢአቱ የሰው ነው ያልሽው ነው። ለእሱ አርባ ስገጂ። ቃሉን ደግሞ መልሺ፤ ለጸሎት የተሰጠሽ ነው።» ከዚያም «ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚቀመጠው፣ ጸሎቱን ሙሉ?» አሉኝ።

«ሙሉውን አባቴ።»

«እሺ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ የነበረ መሰለኝ።

ለልጄ መደወሉ ከዚያ ይልቅ ከበደኝ። ስለ ማኪኒው ሰው ነገርኳት።

«ማሚ፣ እኔ ነኝ አንቺ ላይ የጣልኩት» አለች። «ከከበደሽ ስጪው። ግን ቅዳሜ ልምጣና ልሰናበተው። ኦኬ?»

ስጪው ስትለኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የማስበው። ወደ ታች አየሁ፤ እግሬ ሥር ተጋድሟል፤ እሱን የነካውን ጫማዬን አላሸሸሁትም።

«አትምጪ፣ ፈተና አለብሽ» አልኳት። «የትም አይሄድም። ማኅበሩም ካልመጣ አይምጣ።» ለማኪኒው ሰው በሚቀጥለው ቀን ሥራ ቦታ ይቅርታ ጠየቅኩት።

የቀረው ቃሉ ነበር። ዳቦ ይዤ ሳሎን ቆምኩ። «ቁጭ በል» ስለው ሲሰሙት ተቆጥቼ የተናገርኩ ይመስላል፤ አፈገፈገ። አፌ ላይ የመጣው ለእንግዳ የምለው ነው፤ «አረፍ በል።» አላወቀውም፤ ግን ድምፁን ወደደው። ዳቦ ጣልኩለት። አረፍ በል፣ ዳቦ። አረፍ በል፣ ዳቦ። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ስጸልይ ደፉ ላይ ሲቀመጥ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ምንም አልጣልኩለትም። ሲያስደነግጠኝ ምላሴን ነከስኩ። ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ የተማርኩት።

ለጽዮን ቤቱን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ውሻውን ጓሮ አወጣሁት፤ ከሳሎኑ የሚለየን የመስታወቱ በር ነው። መጋረጃውን ልዘጋ ያዝኩትና ተውኩት። አንድ ጊዜ ደብቄዋለሁ፣ በቃኝ። በተባለው ሰዓት አንድ መኪና፣ ከዚያ ሌላ መጣ። ዘጠኝ መጡ። አንዷ ሥራ ነበራት፤ አንዷ ለምን እንደቀረች አልጠየቅኩም። እማማ ከፊት ናቸው። ገብተው ጫማቸውን አወለቁና በመስታወቱ በኩል አዩት።

«የፈረንጁ ውሻ» አሉ።

«የኔ ነው እማማ» አልኩ፣ ሁሉም እየሰሙ። ከዚያ ለእንግዶቼ ዞሬ «አረፍ በሉ» አልኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ውሻው ከሁሉም ቀድሞ አረፍ አለ። ድመት ያላት እኅታችን ነች መጀመሪያ የሳቀችው።

አባ መጡና ለጸሎት ተነሣን። ጓሮ ውስጥ ያለውም እኛን ሲያይ ተነሣ። እኔ ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም። አባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። ውሻው ጆሮውን አቆመ። ወገቡ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ወረደ፤ ወደኔ አየ። ምንም አላልኩም፣ ምንም አልጣልኩም። ቀስ ብሎ ቀና አለና እንደ ሌሎቻችን ቆመ።

«ቆሟል» አሉ እማማ በጆሮዬ፣ ከዚያ ወደ ጸሎቱ ተመለሱ።

ዳቦው ተቆርሶ ሁሉም በላ። ለምልክት አልነበረም፤ አይቻለሁ። እማማ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያደርጉ ትከሻዬን ተደግፈው «ያ የገዛሁት አምፑል አልገጠመም» አሉኝ። «ሪተርን ማድረግ አለብኝ፤ ልጄ ደግሞ ጊዜ የለውም። ረቡዕ ስትሄዱ ደውዪልኝ።»

«እሱ ከኋላ ወንበር ነው የሚቀመጠው እማማ» አልኳቸው።

«እኔ ከፊት ነኛ» አሉ።