ፀጉር ቤቱ ደጃፍ የሚቆም ብስክሌት

ሰፈርተኛው «ጠብ አይል» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ቧንቧ ያሠሩት ሴቶች ናቸው፤ እሱ የነካው ቧንቧ ጠብ አይልማ! ሌላው ቧንቧ ሠራተኛ ዕቃውን ሰብስቦ በሚሄድበት ሰዓት እሱ ገና ተንበርክኮ ዙሪያውን በጣቱ ይዳብሳል። ትንሽ እርጥበት ካገኘ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። በእንግድነት ሄዶ እንኳ ከጓዳ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማ ጨዋታው ይጠፋበታል፤ ይቁነጠነጣል፤ በመጨረሻ «እስቲ አንዴ ልየው» ብሎ ይነሳል። እንግዲህ ሞተር ያለው ብስክሌት እሠራለሁ ብሎ የተነሳው ይሄ ሰው ነው።

የተነሳው ለሚስቱ ነው። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ይላታል። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ መኪና አይወጣውም። ስንት ዘመን በእግሯ ስትወጣው ኖራ አሁን ጉልበቷ እምቢ አለ። እያነከሰች ስትደርስ ረፍዷል። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቁርጡን ነገራት፦ እስከ ወሩ መጨረሻ መላ ካልተገኘ ታች ወዳለው የመድኃኒት መጋዘን ትዛወራለች። ጉድ እኮ ነው! የሰፈሩን ግማሽ ሕፃን በእጇ የተቀበለች ሴት ካርቶን ልትደረድር! ያን ቀን ቤት ገብታ የተባለችውን እንደ ቀልድ ለባሏ ነገረችው። ሳህን ስታጥብ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ።

«እኔ አደርስሻለሁ» አላት።

«በምን? አዝለህ?»

«ታያለሽ።»

ጓሮው ውስጥ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ዝጎ ተቀምጧል። ቧንቧ የሚጭንበት ወፍራም ብስክሌትም አለው። ሁለቱን ሊያጋባ ተነሳ። የውሃ ቧንቧ ቆርጦ በየደና ለሞተሩ መቀመጫ ሠራ፤ ከኋላ ደግሞ ከአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ አውጥቶ ለሚስቱ ወንበር አበጀ። ያ ወንበር ከሞተሩ ይልቅ ብዙ አስለፋው፤ እየተቀመጠ፣ እየተነሳ፣ «ይቆረቁራታል» እያለ ሦስቴ አፈረሰው።

መቼም በአንድ ቀን የሚሆን ነገር የለም። መጀመሪያ የሞተሩ ንዝረት ብሎኑን ሁሉ እየፈታ መንገድ ላይ ዘራው፤ በየብሎኑ ሁለት ሁለት ዳዶ አሰረበት። ቀጥሎ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው ካቴና እየዘለለ አስቸገረ፤ ሲባጎ ወጥሮ የሞተሩንና የጎማውን ጥርስ አስተካከለ፤ መዝለሉን አቆመ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ቀን ሲሳደብ አልተሰማም። እኔ ብሆን በመዶሻ ብዬው ነበር! አንድ ነገር ብቻ አናደደው፦ ብስክሌቱ ሲነቀነቅ ከቤንዚን ታንከሩ ክዳን ላይ ቤንዚን ይረጫል። ክዳኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች ለካ። እሷን በብየዳ ደፈናት፤ ከሥሯ የጎማ ማሸጊያ አደረገ፤ በላዩ ቧንቧ የሚያሽግበትን ቴፍሎን ጠመጠመ። በጣቱ ዳበሰ። ደረቅ ነው። ያን ጊዜ ደስ አለውና ፈገግ አለ።

ከዚያ ዳገቱን ሊሞክር ወጣ። ሞተሩ እያጓራ ግማሽ መንገድ ድረስ ወሰደው፤ ልክ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ሁለቴ አስሎ ቀጥ አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! ፀጉር ነው ጢም?»

ጠብ አይል ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን ሞልቷል። ከደነው። ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገና ሞተሩን አስነሳ፤ ተነሳ! «በቃ፣ ካንዴላው ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ጠፋ። ከፍቶ አየ፣ ከደነ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፤ ተነሳ። «ካርቡሬተሩ ነው ለካ!» በሌላው ቀን፣ አሁንም ፀጉር ቤቱ ደጃፍ። ግቢው ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲያስነሳው እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ዳገቱ ላይ ይጠፋበታል። ፀጉር አስተካካዩ ለሱ የሚሆን ወንበር ደጅ ማውጣት ጀመረ።

የወሩ የመጨረሻ እሑድም እንደዚያው ሆነ። ብስክሌቱን እየገፋ ገባና ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ሚስቱ አጠገቡ ቆመች።

«አልቻልኩም» አላት። «ነገ መጋዘን ልትገቢ ነው። በኔ።»

«እስቲ ተረጋጋ። ሲጠፋብህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» በሽተኛ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችው።

«ክዳኑን ከፍቼ ቤንዚን አያለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ከዚያ አንድ ነገር እጠግናለሁ፤ ይነሳል።»

ሲስተር ክዳኑን ፈትታ አገላብጣ አየችው። «እዚህ ውስጥ አየር በየት በኩል ይገባል?»

«አየር ደግሞ ምን ያደርግለታል?»

«እኛ ጋ የጠርሙስ ግሉኮስ ስንሰቅል አየር ማስገቢያ መርፌ እንወጋበታለን። ካልወጋን ትንሽ ይወርድና ቀጥ ይላል። ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ ጠብ አይልም።»

ጠብ አይል ክዳኑን ከእጇ ነጥቆ አየ። ከዚያ ግንባሩን በጥፊ መታ። «ወይ ነዶ! ያቺን ቀዳዳ ደፍኜ በገዛ እጄ አንቄው!» ሞተሩን ያስነሳለት ጠረጋውም እጥበቱም አልነበረም፤ ቤንዚን ለማየት ክዳኑን ሲከፍት የገባው አየር ነው። ሲስተር ግድግዳ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። እሱ ቀጭን መሰርሰሪያ ፈልጎ አመጣ፤ ክዳኑ ላይ ደቅኖ ግን እጁ ዘገየ። ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው ቀዳዳ ሊበሳ! ዓይኑን ጨፍኖ በሳው።

ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ስፖንጁ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ነዳ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ብቻውን ነበር ሲፈትነው የከረመው፤ ለሁለት ሰው ጉልበት አልነበረውም። ፍሬን ይዞ ወረደ።

«ውሰጂው።»

«እኔ? አብደሃል?»

«ብስክሌት እየነዳሽ ገጭተሽኝ አይደል የተዋወቅነው?»

አደርስሻለሁ ያላት እሱ ነበር። ቃሉን ዋጠና እጇን መሪው ላይ አስቀመጠ፤ ነዳጅ መስጫውን፣ ፍሬኑን አሳያት፤ ከኋላ ገፋት። ሄደች። እሱ ጀርባዋን ማየት ትቶ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ያዳምጣል። ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ትንፋሹን ያዘ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ደንበኛ ጥሎ ምላጩን እንደያዘ ወጣ። «ሲስተር! አይቆሙም እንዴ?» አልቆመችም። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ዳገቱን ከነሷ ተሻገረ። ጠብ አይል መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል አለቀሰ።

ማታ ግቢው ውስጥ ጠበቃት። ፊቷ በርቶ ገባች፤ ነጩ ጋዋኗ ጉልበቷ ላይ የቤንዚን ነጠብጣብ አለው።

«ዛሬ ሴት ልጅ ተቀበልኩ» አለችው።

እሱ ግን ክዳኑን እያየ ነበር። ከቀዳዳዋ የወጣች ቤንዚን ጠርዙ ላይ ተጠራቅማ ጠብታ ሆናለች። እጁ ሳያስበው ቴፍሎኑን ፍለጋ ኪሱ ገባ፤ እዚያው ቆየና ባዶውን ወጣ። ጠብታዋ መሬት ላይ ወደቀች።

«ይፍሰስ» አለ።