ቅርጫቱ ውስጥ ያልገቡ ድምፆች

ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ መንዙማ እቀዳ ነበር። ኮምፒውተርም ሆነ ድምፅ ማቀናበር ያስተማረኝ ሰው የለም። አሮጌ ማሽን ገዝቼ፣ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ራሴን አስተማርኩ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ራሱን ያስተማረ ሰው የሚያርመው ስለሌለ፣ ስህተቱንም እንደ እውቀት ይዞ ይኖራል።

በዚያ ዓመት የአንድ ሼህ መንዙማ እቀዳ ነበር። ሼሁ ከሰንበቴ በኩል ካለ ገጠር የሚመጡ፣ ለመውሊድም ለሠርግም የሚፈለጉ ሰው ነበሩ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ጉሮሯቸውን ታመሙ። ደሴ ያያቸው ሐኪም አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና ማድረግ እንዳለባቸው፣ ከዚያም በኋላ ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል ነገራቸው። በሚሄዱበት ቀን ጠዋት ሻንጣቸውን ሚኒባስ ላይ አስጭነው ወደ እኔ መጡ።

"አንድ ስንኝ ቀርቶናል" አሉ። መንዙማውን ላስተማሯቸው ሰው ዱዓ የሚያደርጉበት ስንኝ ነው። "እሱ ሳይገባ ካወጣኸው የሰው ሐቅ በላን ማለት ነው።"

ሄድፎኑን አደረጉ። ቀድሞ የተቀዳውን የድቤ ምት እየሰሙ ድምፃቸውን ከላይ ማስገባት ነበረባቸው። ማሽኑ ግን ድቤውን እየቆራረጠ ሰጣቸው። የራሳቸው ድምፅም ዘግይቶ ወደ ጆሯቸው ይመለሳል፤ ከጎናቸው ሆኖ የሚያሾፍባቸው ሰው ያለ ይመስል። አቋርጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ደግመው ጀመሩ። ስክሪኑ ቀጥ አለ።

አጠገቤ ልጄ ተቀምጣለች። ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማር ነበር፤ ለእረፍት መጥታ ነው።

"ቫይረስ ነው" አልኳት።

"አንተ ዘንድ ሁሉም ነገር ቫይረስ ነው፣ አባ። ባለፈው ራዲዮኑንም ቫይረስ ያዘው ብለህ ነበር።"

"ወሬውን ትተሽ ፈልጊ።"

ሙቀቱ ይሆናል ብዬ የማሽኑን ሽፋን ከፈትኩ። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጌ ቬንትሌተር አስጠጋሁለት። አጥፍቼ አበራሁት። ሼሁ ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ። ድቤው መሃል ላይ ጠፋባቸው፤ እሳቸው ግን ሳያቆሙ ያለ ድቤ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። ምቱን ስለሳቱ አልሆነም። በየሙከራው ድምፃቸው እየሻከረ ሲሄድ ይሰማኛል። እኔም እያንዳንዱን ሙከራ እንደ ልማዴ አስቀምጣለሁ።

የሚኒባሱ ረዳት፣ ጎልማሳ ሰው፣ በሩ ላይ ብቅ አለ። "አባባ፣ መኪናው ሊሞላ ነው። ለዘፈን ብለው ሐኪሙ ሊያመልጥዎ ነው?"

"ዘፈን አይደለም" አልኩት።

"ምንም ይሁን። ሹፌሩ እንደኔ ታጋሽ አይደለም።"

ልጄ ማውሱን ከእጄ ወሰደች። "አባ፣ ሃርድ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። መላወሻ የለውም። ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

ስክሪኑን ወደ ታች ብታወርደው ብታወርደው አያልቅም። ድምፃቸው የተዘጋ ቅጂዎች ተደርድረዋል፤ ሼሁ የተሰናከሉበት፣ ያሳላቸው፣ ድቤው የቀደማቸው። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ተሸክሞ ነበር የሚሮጠው።

"የተበላሹት ናቸው" አልኳት።

"ለምን አላጠፋሃቸውም?"

"የአላህ ስም አለባቸው።"

አልሳቀችም፤ የዚህ ቤት ልጅ ናት። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት እኛ ዘንድ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። ተለቅሞ በፌስታል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሲበዛ ሰው በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። ልጆቼን በዚህ እየተቆጣሁ ነው ያሳደግኋቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የሚጠፋ ነገር የሚገባው የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ውስጥ ነው። በነቢዩ ላይ የሚወርድ ሰለዋት ያለበትን ድምፅ እዚያ ለመክተት እጄ እምቢ አለኝ።

"ፍላሽ ላይ ገልብጪው።"

"የትኛው ፍላሽ ይችለዋል? ሌላ ዲስክ የሚገኘው ኮምቦልቻ ነው።" ውጭ የሚኒባሱ ጥሩምባ ጮኸ። "ላጥፋው?"

"እንዳትነኪው።"

"እሺ፤ ስንኙ ይቅራ።"

እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን ከክፍሉ አስወጣት ነበር።

ሼሁ ሄድፎኑን አንገታቸው ላይ አወረዱ። "ምን ያጣላችኋል?"

ነገርኳቸው።

"ወረቀቱን የምናነሳው ለምንድን ነው?"

"እግር እንዳይረግጠው፣ ሼኻችን።"

"ይሄንንስ ማን ይረግጠዋል?"

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት አየር ላይ ነው የቀረው። እሱንም ልትለቅምልኝ ነው?" ፈገግ ብለው በኦሮምኛ ጨመሩበት። "ዲሲ፣ ተወው ልጄ። ሳሌን ማስቀመጥ ምን ይሠራልሃል?"

ማጥፋቱን ለልጄ አልተውኩም። ቢስሚላህ ብዬ በራሴ እጅ አጠፋሁ፤ የዚያን ቀን ሙከራዎችም ጨምሬ። ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ።

ድቤው ጥርት ብሎ መጣ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡ። የመምህራቸውን ስም ጠሩ፣ ዱዓውንም አንድም ቦታ ሳይስቱ አስኬዱት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

"እንድገመው?" አለች ልጄ።

ጉሮሯቸውን በእጃቸው ይዘው ራሳቸውን ወዘወዙ። ረዳቱ ክንዳቸውን ደግፎ ወሰዳቸው። በዚህ ጊዜ አልቀለደም።

ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ልጄ የተሰበረችውን ቃል ደጋግማ ሰማች። "ሦስተኛው ሙከራ ላይ ይቺ ቃል ጤነኛ ነበረች እኮ፣ አባ። ከዚያ ቆርጠን እዚህ ብንለጥፋት..." አልጨረሰችውም። ሁለታችንም ባዶውን ቅርጫት አየን።

ሁሉን የሚያስቀምጥ ሰው ሲጨንቀው ሁሉን ይጠርጋል። መካከል ላይ ያለው ሥራ፣ ቁጭ ብሎ እያዳመጡ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት፣ አድካሚ ነው፤ ግን ሥራ ማለት እሱ ነው። ልጆቼ ይህን ከእኔ ሰምተው ሰልችተዋል።

ሼሁ ድነው ተመለሱ፤ አልሐምዱሊላህ። የሚናገሩት ግን በሹክሹክታ ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ገባ?" ብለው ነበር። "ገብቷል" አልኳቸው።

ሲዲውን የገዙ ሰዎች እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ ሼሁ መምህራቸውን አስታውሰው አለቀሱ ይላሉ። አላለቀሱም፣ ጉሮሯቸው ነው እላቸዋለሁ። አይቀበሉኝም። እኔም መናገሬን አልተውኩም።