እጥፋት ያለው ላፕቶፕ

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። ሰው ልብስ ሲያይ ፊቱን ያያል፤ እሷ ግን ገና ሰላምታ ሳትጨርስ ገልብጣ ውስጡን ነው የምታየው። ከጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ ካለው፣ ልጁ ሲያድግ ይለቀቃል። ከሌለው "ይሄ ለፎቶ ነው የተሰፋው" ብላ ትመልሰዋለች። እኔንም ሳታገባኝ በፊት እንዲህ ገልብጣ አይታኝ እንደሆነ እንጃ፤ ጠይቄያት አላውቅም።

ልጃችን የሕንፃ ንድፍ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ላፕቶፕ ግድ ሆነ። ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው። የእኛ አቅም ደግሞ የአንድ ጊዜ ግዢ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ቢበላሽባት ሌላ የለም፣ ያለሱም ትምህርት የለም። ይሄን ጭንቀት ተሸክመን ሦስታችን ሱቅ ገባን።

ልጄ አንዷን ገና ከበሩ ወደደቻት። ስስ፣ ብርማ፣ አዲስ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ሄዷል። ባለቤቴ አነሳችና ገለበጠቻት፤ ወደ ሻጩም ዞረች።

"ልጄ፣ እስቲ ጀርባዋን ክፈትልኝ።"

ሻጩ ሳቀ። "እናት፣ የዚች ውስጧ ሁሉ የተበየደ ነው። ቢከፍቷትም የሚጨመር ነገር የለም።"

"ሥራው ሲከብዳትስ?"

"ያኔ አዲስ ይገዛሉ።"

"እጥፋት የላትም በለኛ!" ብላ መልሳ አስቀመጠቻት።

"እማዬ በናትሽ፣ ሰው እያየን ነው" አለች ልጄ፤ በሀፍረት የምትገባበት ጠፋት። ማን ሰምቷት! ባለቤቴ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ያገለገለ፣ ወፍራም፣ ጥቁር ላፕቶፕ አወጣች። ዋጋው ከብርማዋ የሚያንሰው በትንሹ ነው። "ለአሮጌ ይሄን ያህል?" ልል ስል አንዴ አየችኝ። ሻጩ በካቻቢቴ ፈታው። ባትሪው ይወጣል፤ ፍጥነት የሚጨምረው ራም ከሚገባበት ሁለት ቦታ አንዱ ባዶ ነው።

"ይኸውልሽ፣ ይለቀቃል" አለቻት ባዶውን ቦታ በጣቷ እያሳየች። "አርጅቶም ዋጋው ካልወደቀ፣ ነገ ስንሸጠውም ፈላጊ አያጣም።"

ልጄ ግን ከሱቁ ወጥታ መንገድ ላይ ጠበቀችን። እስከ ቤት ድረስም ቀድማን ሄደች።

ባለቤቴ ከተራረፈ ጨርቅ ስፖንጅ ያለው ማቀፊያ ሰፋችለት። "ሲሸጥ ንጹሕ ይሁን" እያለች ውሃ አታስጠጋውም፤ ብርጭቆ ይዤ በአጠገቡ ካለፍኩ እንደ ሌባ ነበር የምትከታተለኝ።

በሦስተኛው ዓመት ልጄ የምትሥልበት ፕሮግራም ከበደ። አንድ መስመር አስምራ እስኪታይ ትጠብቃለች። ሥራዋን ልታስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ስታለቅስ አገኘናት። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ካቻቢቴ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። በማግስቱ ልጄ ራም ገዝታ በገዛ እጇ ከተተችው። ፍጥነቱን ስታይ "እማ! እማ!" እያለች ቤቱን አናጋችው። በአራተኛው ዓመት ባትሪው ተቀየረ። በአምስተኛው ተመረቀች። ያን ቀን ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ሥራ ስትይዝ መሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ሰጣትና ላፕቶፑ ሊሸጥ ሆነ። አንድ አናጢ ሒሳብ አያያዝ ልትማር የተመዘገበች ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷ ወፍራሙን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። አባቷ ገለበጠው፣ አንኳኳው፣ ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰው።

"አባዬ፣ በቃ ተው" አለች አንገቷን ደፍታ።

ልጄ ሳትጠየቅ ካቻቢቴውን አንስታ ጀርባውን ፈታችላቸው። "ለሒሳብ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ባዶ የነበረው ቦታ ግን ሞልቷል፤ ከእንግዲህ የሚለቀቅ እጥፋት የለውም። ካልነው ዋጋ እንቀንስላችኋለን።" ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ተዪው፣ ያገላብጠው። እኔም ያኔ በእናቴ አፍሬ ከሱቅ ወጥቻለሁ። ተመርቄ ለዚህ የበቃሁት እሷ ገልብጣ ስላየችልኝ ነው።"

ጥግ ላይ ሲሠራ የቆየው የባለቤቴ ስፌት መኪና ቀጥ አለ።

"ማቀፊያውንም ጨምሪላት" አለች።

አናጢው ማቀፊያውን ተቀበለና እሱንም ገልብጦ ስፌቱን አየው።