ሲስተር አልጋነሽና የቡሬ ገበያ ሬዲዮ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ለብዙ ዘመን ያስታመሙን ሲስተር አልጋነሽ ማክሰኞ ማለዳ በቤታቸው ዐርፈዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምነግረው በታላቅ ሐዘን ነው። እኔ ቡሬ አስተማሪ ሳለሁ ጎረቤታቸው ነበርሁ። ስለ ደግነታቸው እያንዳንዳችሁ የምታውቁት ይኖራል፤ እኔ አንድ የገበያ ቀን ላንሣ።

ሲስተር መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ምግብ ቆመው ይበላሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው ትንሽ እንደ ቆዩ ተነሥተው የሐዘንተኛዋን ልጅ ግንባር ይዳስሳሉ። ከሰው ጋር ሲጫወቱም ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው፤ ከገጠር በቃሬዛ የመጣ ሕመምተኛ ሳያዩት እንዳያልፍ ይሠጋሉ።

ነርስነት የተማሩት እንግሊዝ አገር ነበር። ከዚያ ኑሯቸው አዘውትረው የሚያነሡት ሬዲዮውን ነው። በተማሩበት ሆስፒታል በየአልጋው ራስጌ ማዳመጫ ተንጠልጥሎ ነበር። «ማለዳ ጸሎት ይሰማል» ይሉን ነበር፤ «ቀጥሎ ለባሕር ሰዎች የነፋሱ ነገር ይነገራል። ረፋድ ላይ ለፋብሪካ ሠራተኞች ዘፈን ይለቀቃል፤ ከሰዓት በኋላ ለእናቶች ወግ፣ አመሻሽ ላይ ለልጆች ተረት አለ። ዜናው ሲመጣ በሽተኛውም ሐኪሙም ዝም ይላል። ለምን እንደሚሰሙት ታውቃላችሁ? ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ስለሚውል ነው።»

በሃምሳዎቹ መጨረሻ በቡሬ ዙሪያ ገጠሮች ፈንጣጣ ገባ። ከታቢዎች መጥተው ገበያው ዳር ድንኳን ተከሉ፤ ሰው ግን ሸሻቸው። ለክትባት ክንዱን የተጫረ ሁሉ ለግብር ይመዘገባል የሚል ወሬ ከመንደር መንደር ዞሮ ነበር። ከታቢዎቹ ከሚቀጥለው ገበያ በኋላ ወደ ገበዝ ማርያም ከተማ ሊሻገሩ ነበር። በዚያው ሳምንት ሲስተር የአንድ ቤት ሁለት ልጆች በእጃቸው ላይ ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ዕረፍት አጡ።

አንድ ማለዳ ደጄ መጡ። ግቡ ብላቸው አልገቡም።

«መምህር፣ የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ለገበያ ቀን ያውሱኝ» አሉ።

«ስለ ክትባቱ ሊናገሩበት ነው?»

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ሬዲዮ እንሆናለን።»

በገበያው ቀን ማጉያውን ባሕር ዛፍ ላይ አስረን ከጭነት መኪና ባትሪ ጋር አገናኘነው። የደብሩ መምህር መሪጌታ ጥበቡ በጸሎት ከፈቱልን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስለ ዝናቡና ስለ ዘሩ ተናገሩ። አዝማሪ በመሲንቆ ተከተለ፤ ከእርሱ በኋላ አንዲት አዋላጅ ስለ አራስ አያያዝ ሴቶቹን እያሳቁ አወጉ። እህል ሻጩም ገዢውም ጆሮውን ሰጠ። ድንኳኑ ግን ባዶ ነበር። ሲስተር ከማጉያው ወደ ድንኳኑ፣ ከድንኳኑ ወደ እህል ተራው ይመላለሳሉ።

«ቀኑ እየሄደ ነው፤ መቼ ሊናገሩ ነው?» አልኋቸው።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ መምህር። ግን ከአሁኑ ብጀምር ትተውኝ ይሄዳሉ።»

እኩለ ቀን ሲሆን መሪጌታን ጠርተው ሕዝቡ የሚያማውን ሁሉ ሳይሸሽጉ በማጉያው እንዲጠይቋቸው ለመኗቸው። መሪጌታ ራሳቸውም ጥርጣሬ ስለ ነበራቸው ጥያቄ አላጡም።

«ሲስተር፣ ይህ ነገር መሃን ያደርጋል ይባላል።»

«አያደርግም። እኔ ከተከተብሁ በኋላ ሁለት ወልጃለሁ።»

«ስማችንስ ለምን ይጻፋል? ለግብር ነው ይሉናል።»

በዚህ መካከል ባትሪው ደከመና ማጉያው ጠፋ። እኔ ሽቦውን ስነካካ ሲስተር በእጃቸው ተዉ አሉኝ። ሕዝቡ መልሱን ለመስማት እየተጋፋ ቀርቦ ከብቦን ነበር።

«የሚጻፈው የተከተበው ካልተከተበው እንዲለይ ነው» አሉ በራሳቸው ድምፅ። «ስሙ ካስፈራችሁ ግን አይጻፍ።»

ወደ ድንኳኑ ሄደው መዝገቡን አመጡና ለመሪጌታ ሰጧቸው። የከታቢዎቹ አለቃ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሲስተር፣ ያለ መዝገብ መክተብ አልተፈቀደልንም» አላቸው።

«እኔ እጠየቅበታለሁ። አንተ ክተብ።»

መሪጌታ መዝገቡን በብብታቸው ያዙ። «እኔ ልቤ ገና አልጸናም» አሉ፤ «የልጄን ልጅ ግን አመጣለሁ።» ሴቶቹ ወዳሉበት ሄደው ትንሿን ልጅ በእጇ ይዘው ተመለሱ። ልጅቷ ክንዷን ስትሰጥ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ከእርሷ ቀጥሎ አንዲት እናት ገባች፤ ከዚያማ ድንኳኑ እስኪመሽ ሰው አልተለየውም።

ሲስተር ግን አልተደሰቱም። ሕፃን ያዘለች ሴት ሳታስከትብ በነቀምት መንገድ ስትሄድ አይተዋል። ከከታቢዎቹ ጥቂት መድኃኒት ለምነው አስቀሩና በማግሥቱ መንደሯ ድረስ በእግራቸው ወረዱ። ባሏ መለሳቸው። ደግመው ሄዱ፤ ደግሞ መለሳቸው። ሳምንቱ ሳያልቅ ሴትዮዋ ራሷ ሕፃኑን ይዛ ሲስተር በሚሠሩበት ክሊኒክ ደጅ ላይ ቆመች። ሲስተር ክንዱን ይዘው ራሳቸው ከተቡት።

በመዝገቡ ነገር ከበላይ ተጠየቁ። ሊሰጣቸው የታሰበው ሹመት ቀረ፤ ከቡሬም ተነሥተው ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወሩ። ዕቃቸውን ስንጭን «አይቆጭዎትም?» ብላቸው፣ ገመዱን እያጠበቁ «የሚቆጨኝ ያን ቀን ገበያ ያልወጡት ናቸው» አሉኝ። ፍኖተ ሰላም በገቡ ሰሞን ወደ ገጠር መውጣት ጀመሩ።

ሲስተር፣ ረቡዕ ዕለት ስንቀብርዎ ከቡሬ ገጠር ብዙ ሰው በዝናብ መጣ። ያን ጊዜ በእናቶቻቸው ጀርባ የነበሩ፣ ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። ከልጆችዎ ጎን ቆሜ አፈር ሊያለብሱዎ ሲያልፉ የእያንዳንዳቸውን ፊት አየሁ። የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት አንድም አላገኘሁም። ይህን ሳልነግርዎ መሰናበት አልሆነልኝም። ደህና ይሁኑ፣ ሲስተር፤ የወለዷቸውም ያዳኗቸውም በሰላም ሸኝተውዎታል።