ደምን ያታለለ ቅባት

ነገሩ ሠላሳ እንቁላል፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ፣ ሁለት ስሪንጅ ደምና አንዲት እጮኛ አስወጥቶኛል።

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ፣ የኩላሊት ማጠቢያውን ማሽን የምታያይዝልኝ ነርስ፣ "ጋሼ፣ አይስጉ፤ ቱቦው ውስጡ በስስ ቅባት ተለብጧል፤ ደም አይረጋበትም" አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ይሄን ቅባት እሷ ሳትወለድ አውቀዋለሁ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጀሪካንና ላስቲክ እቸረችራለሁ። በሁዳዴ ጾም ጀማል የሚባል፣ ከድሬዳዋ መጥቶ ላቦራቶሪ የሚያስተምር ሰው፣ ግንበኞች ለውኃ ልክ የሚይዙትን ጥርት ያለ ቱቦ ሊገዛ መጣ። ደም ፕላስቲክ ሲነካ ባዕድነቱን አውቆ ይረጋል አለኝ፤ የአስኳል ቅባት ግን ከደም ሕዋስ ቆዳ ጋር ዘመድ ስለሆነ ቱቦው በሱ ቢለበጥ ደሙ አይነቃም። እኔ የታየኝ የአገሩ ሐኪም ቤት ሁሉ ለቱቦዬ ሲሰለፍ ነው። በጾም እንቁላል የሚያነሣ የለም፤ በርካሽ ሠላሳ ገዛሁ። ማሟሚያ አልኮል ሲጠፋ ሦስቴ የወጣ አረቄ አመጣሁለት። ቅባቱን በሱ አሟሙቶ ቱቦው ውስጥ አፈሰሰ፣ ደፋው፣ አደረቀው።

ጥፋቱ የኔ ምላስ ነው። ገበያ ላይ "ምን ይዘሃል?" ላለኝ ሁሉ "ቅባት ገብቻለሁ" እላለሁ። በእኛ አገር ቅባት የጸጉር ብቻ አይደለም፤ ካህናትን ስንት ዘመን ያከራከረ ትምህርት ስምም ነው። ወሬው ቁይ ደረሰ። የእጮኛዬ የስንዱ አባት፣ የቁዩ መሪጌታ፣ ያን ትምህርት ስሙን መስማት አይወዱም። "ሠርጉ ይቅር" ብለው ላኩብኝ።

ጀማልንና ሁለት ቱቦ ይዤ፣ አይሱዙ ላይ አቧራ ስቅም ሄድኩ።

"ቅባት ያስገባህ ይሄ ነው?"

"መሪጌታ፣ እሱኮ ሙስሊም ነው!"

"እንግዲያው እሱን ማን አስገባው?"

ጀማል ሳቁን ዋጠና ከክንዴ ደም ቀድቶ ሁለቱንም ቱቦ ሞላ። የቀረበልን ተልባ ፍትፍት ሳያልቅ፣ ባዶው ቱቦ ውስጥ ያለው እንደ ጉበት ረጋ፤ የተቀባው ውስጥ ያለው ወዲያ ወዲህ ይላል። መሪጌታ ደጋግመው ገለባበጡት።

"ባዕዱን ቀብቶ ዘመድ አስመሰለው ማለት ነው?"

"እንዲያ ነው፣ መሪጌታ!" አልኩ፣ የተረታሁ ሳይመስለኝ።

"አንተንስ ምን ቀብቶ ላከብኝ?"

ከጓዳ ስንዱ ስትስቅ ሰማኋት። የሳቸውን እችለው ነበር፤ ቱቦዬን ሰብስቤ እንድወጣ ያደረገኝ የሷ ሳቅ ነው።

አሁን ደሜ በቱቦው ሲመላለስ ተኝቼ አየዋለሁ። ጀማል ልክ ነበር። መሪጌታም ቢሆኑ፣ ዘመድ ልሆን ስሄድ ግማሽ ልቤ ቱቦ ንግዱ ላይ እንደነበር ሳያውቁ አልቀሩም።

ደሙ አልረጋም። ስንዱን የደብረ ወርቅ አስተማሪ አገባት።